ከአመፅ መርከብ እስከ ሚኒስትር ወንበር



በዚህ ዲስኩር የሚጠሩት ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜው ጁን 1869 ነው። በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት፣ ከሀኮዳቴ ወደብ አጠገብ፣ ጎሪዮካኩ የሚባለው ባለ አምስት ማዕዘን ምሽግ በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተከቧል። ምሽጉ ውስጥ ያሉት አማፂዎች ምግብም ጥይትም እያለቀባቸው ነው። ከበባውን የሚመራው ኩሮዳ ኪዮታካ እጃችሁን ስጡ የሚል መልእክት ላከ። የአማፂዎቹ መሪ፣ የ32 ዓመቱ የባሕር ኃይል መኮንን ኤኖሞቶ ታኬአኪ፣ እስከ ሞት እንዋጋለን ብሎ መለሰ። ከመልሱ ጋር ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር አብሮ መጣ፤ መጽሐፍ።

መጽሐፉ ስለ ባሕር ዓለም አቀፍ ሕግ ነበር። ደራሲው ኦርቶላን የተባለ ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን፣ ኤኖሞቶ ሆላንድ ሳለ መምህሩ ወደ ሆላንድኛ መልሶ በእጅ ጽሑፍ ያዘጋጀለት ነው። በጃፓን ምድር ሌላ ቅጂ የለም። እኔ እዚህ እሞታለሁ፣ ይህ ግን ለአገር የሚያስፈልግ ነውና በጦርነቱ እሳት እንዳይጠፋ ለባሕር ኃይላችሁ ይድረስ፤ የመልእክቱ መንፈስ ይህ ነበር። ኩሮዳ ምስጋናውን ያቀረበው ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ በበርሜል፣ ዓሣም ጨምሮ ወደ ምሽጉ በመላክ ነው።

ኤኖሞቶ በታሪክ መጻሕፍት የሚጠራው በአብዛኛው ስላቋቋመው ባለ አጭር ዕድሜ መንግሥት ነው። ለእኔ ግን የሚበልጠው ጉዳይ ከሽንፈቱ በኋላ ያለው 40 ዓመት ነው። አሸናፊዎቹ በዚህ ሰው ላይ ምን አደረጉ? እሱስ ባተረፉለት ሕይወት ምን ሠራ? ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል።

ኤኖሞቶ የተወለደው በ1836 በኤዶ፣ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው ከተማ ነው። አባቱ በጊዜው ጃፓንን ይገዛ በነበረው በቶኩጋዋ ቤት ደመወዝ የሚተዳደር ሳሙራይ ነበር፤ በወጣትነቱም የጃፓንን ጠረፍ በእግሩ ለክቶ ካርታ ያወጣውን ዝነኛ ቀያሽ ኢኖ ታዳታካን አገልግሏል። የልጁ የመለካትና የማየት ፍቅር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ኤኖሞቶ ገና 18 ዓመት ሳይሞላው ከአንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ጋር ወደ ሰሜን ተጉዞ ኤዞን፣ ማለትም የዛሬዋን ሆካይዶን፣ ከዚያም አልፎ ሳካሊንን አይቷል። ይህ ጉዞ ኋላ ላይ መርከቦቹን ለምን ወደ ሰሜን እንዳዞረ ይነግረናል።

በ1853 የአሜሪካ የጦር መርከቦች ኤዶ ባሕር ወሽመጥ ገብተው በራችሁን ክፈቱ ካሉ በኋላ፣ ከ250 ዓመት በላይ የገዛው የቶኩጋዋ ቤት የባሕር ኃይል ለማቋቋም ተጣደፈ። በናጋሳኪ በሆላንዳውያን የሚመራ የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ኤኖሞቶም እዚያ ገብቶ ስለ እንፋሎት ሞተርና ስለ አሰሳ ተማረ። በ1862 መንግሥቱ አንድ ትልቅ የጦር መርከብ ለሆላንድ አዘዘና መርከቧ እስክትሠራ ድረስ የሚማሩ ወጣቶችን አብሮ ላከ። ኤኖሞቶ አንዱ ነበር። በዚያ በቆየባቸው ዓመታት የመርከብ ትምህርት፣ ኬሚስትሪ፣ ቴሌግራፍና ዓለም አቀፍ ሕግ አጠና። በ1864 ፕሩሺያና ኦስትሪያ ዴንማርክን ሲወጉ ጦር ግንባር ድረስ ሄዶ ውጊያውን ተመለከተ።

መርከቧ ካይዮ ማሩ ትባላለች። በዶርድሬክት ከተማ ተሠርታ 26 መድፍ ታጠቀች፤ ሸራም የእንፋሎት ሞተርም ነበራት። ኤኖሞቶና ጓደኞቹ ራሳቸው አብረው ይዘዋት በ1867 የጸደይ ወራት ዮኮሃማ ገቡ። በዚያን ጊዜ በጃፓን እጅ ካሉት መርከቦች ሁሉ ኃይለኛዋ እሷ ነበረች።

መርከቧ ደረሰች፤ ያዘዛት መንግሥት ግን ዓመት አልቆየም።

በጃንዋሪ 1868 የሳትሱማና የቾሹ ግዛቶች መሳፍንት በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተነሡ፤ ኪዮቶ አጠገብም ሾጉን የሚባለውን የቶኩጋዋ ቤት ገዥ ጦር ድል አደረጉ። ሾጉኑ ቶኩጋዋ ዮሺኖቡ ኦሳካ ግንብ ውስጥ ወታደሮቹን ትቶ በሌሊት ወደ ወደቡ ወረደና በካይዮ ማሩ ተሳፍሮ ወደ ኤዶ ሸሸ። ኤኖሞቶ በዚያ ሰዓት የብስ ላይ ነበር፤ ጌታው የእሱኑ መርከብ ይዞ ሄደ። ኤኖሞቶ ግን አልተበተነም። ባዶውን ግንብ ገብቶ በግምጃ ቤት የቀረውን ወርቅና የቆሰሉትን ወታደሮች በሌላ መርከብ ጭኖ ተከተለ። መሪ በሌለበት ሰዓት ሒሳብና ቁስለኛ የሚያስታውስ መኮንን ብዙ አይገኝም።

ኤዶ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ያለ ጦርነት እጅ ሰጠች። ከስምምነቱ አንዱ አንቀጽ መርከቦቹ ሁሉ ለአዲሱ መንግሥት ይተላለፉ የሚል ነበር። ኤኖሞቶ እምቢ አለና መርከቦቹን ይዞ ከወደቡ ወጣ። የቶኩጋዋ ወገን ተደራዳሪ የነበረው ካትሱ ካይሹ ለምኖ ከመለሰው በኋላ አራት መርከቦችን አስረከበ፤ ደኅና ደኅናዎቹን ግን አስቀረ። ምክንያቱን በጽሑፍ አስቀምጧል። የቶኩጋዋ ቤት ግዛት በጣም ተቆርጦ በመቅረቱ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሳሙራዮች ከነቤተሰባቸው መተዳደሪያ አጡ። እነዚህን ሰዎች ወደ ኤዞ ወስዶ መሬት እንዲያለሙና አገሪቱን ከሩሲያ እንዲጠብቁ ይፈቀድልን የሚል ነበር ጥያቄው። ሰሚ አላገኘም።

በኦክቶበር 1868 መጀመሪያ ስምንት መርከቦችና 2,000 ያህል ሰዎች ይዞ ከኤዶ በሌሊት ወጣ። አብረውት የነበሩት ፈረንሳውያን መኮንኖች የሾጉኑን ጦር ለማሠልጠን የመጡ ነበሩ፤ መሪያቸው የመድፈኛ መኮንኑ ዡል ብሩኔ ነው። ብሩኔ ያሠለጠናቸውን ሰዎች ጥሎ መሄድ አልሆንልህ ብሎት ከገዛ አገሩ ጦር ለቆ ወጣ። «ዘ ላስት ሳሙራይ» የተባለውን ፊልም ያያችሁ ካላችሁ፣ የአሜሪካዊው ገጸ ባሕርይ መነሻ ይህ ሰው እንደሆነ ብዙዎች ይናገራሉ።

ጉዞው ገና ሲጀመር ማዕበል መታቸው። አንዷ መርከብ ተሰበረች፤ ሌላዋ፣ ካንሪን ማሩ፣ ወደ ደቡብ ተነድታ ሺሚዙ ወደብ ላይ በመንግሥት መርከቦች ተያዘች፤ በውስጧ የነበሩት ተገድለው አስከሬናቸው ባሕር ላይ ተጣለ። ይህን የካንሪን ማሩን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የተረፉት ሰንዳይ በተባለ ስፍራ ቆመው ተጨማሪ ሸሽተኞችን ጫኑ። ከእነሱ መካከል በሰይፉ የታወቀው ሂጂካታ ቶሺዞ ይገኝበታል። በዲሴምበር በበረዶ ውስጥ ኤዞ ላይ ወርደው በጥቂት ቀናት ሀኮዳቴንና ጎሪዮካኩን ያዙ። ድሉ ግን ወዲያው በትልቅ ጉዳት ተተካ። ኤሳሺ የተባለችውን ወደብ በመድፍ ለመደገፍ የሄደችው ካይዮ ማሩ በሌሊት ነፋስ ተገፍታ ዓለት ላይ ወጣች። ልትረዳት የተላከችውም መርከብ እዚያው ቀረች። ከሆላንድ ድረስ ያመጣት መርከብ በዓይኑ ፊት ስትሰምጥ ያየው ኤኖሞቶ ራሱ ነው። የአመፁ ዕጣ በእኔ ግምት የተቆረጠው ያን ሌሊት ነው፤ መንግሥቱ ባሕሩን ለመሻገር የሚፈራት ሌላ መርከብ አልነበረችምና።

በጃንዋሪ 1869 መኮንኖቹ በምስጢር ድምፅ መሪያቸውን መረጡ። ኤኖሞቶ በሰፊ ብልጫ አሸነፈ። በጃፓን ታሪክ ሹማምንት በድምፅ የተመረጡበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ተደርጎ ይነገራል። «የኤዞ ሪፐብሊክ» የሚለው ስም የወጣው ከውጭ ሰዎች ነው፤ እነሱ ራሳቸው ሪፐብሊክ አላሉትም፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ተለየን ብለውም አላወጁም። ድምፅ የሰጡትም መኮንኖች ብቻ ናቸው። ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የሀኮዳቴ ነጋዴ፣ ይልቁንም የምድሪቱ የቀደሙ ነዋሪዎች የሆኑት አይኑዎች አልተጠየቁም። የኤኖሞቶ መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው የራሱን ሳንቲም መታ፤ የከተማውን ሰው በግብር አስጨነቀ፤ ሰዉም አልወደደውም። ለአንድ የፕሩሺያ ነጋዴም ሰፊ መሬት ለ99 ዓመት አከራየ፤ አዲሱ መንግሥት ይህን ውል ለማፍረስ ኋላ ብዙ ገንዘብ መክፈል ግድ ሆኖበታል። አጭር ዕድሜ ስለነበረው ብቻ ይህን መንግሥት ንጹሕ አድርገን መሳል የለብንም።

አንድ ሥራቸውን ግን በአክብሮት አነሣለሁ። ፓሪስ ውስጥ ሕክምና ያጠናው ዶክተር ታካማትሱ ርዮውን የሀኮዳቴን ሆስፒታል ሲረከብ የሁለቱንም ወገን ቁስለኛ እኩል አከመ። በመጨረሻ የመንግሥት ወታደሮች ሰይፍ መዝዘው ሆስፒታሉ ሲገቡ ቁስለኞቹ እንዳይነኩ ተከራክሮ አተረፋቸው። ኋላም በሁለቱ ወገኖች መካከል የእርቅ መልእክት ያመላለሰው እሱ ነው።

የአዲሱ መንግሥት ተስፋ ኮቴትሱ የተባለች ብረት ለበስ መርከብ ነበረች። ቦርዶ ውስጥ ለአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ተሠርታ፣ የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሳትደርስበት አልቆ፣ ለጃፓን የተሸጠች ናት። መድፍ የማይበሳትን መርከብ ለማቆም የኤኖሞቶ ሰዎች ያሰቡት ዘዴ መማረክ ነው። በሜይ 1869 ካይተን የተባለችው መርከብ የአሜሪካ ባንዲራ ሰቅላ ሚያኮ ወሽመጥ ገባች፤ ተጠግታም ባንዲራዋን ቀየረች። ይሁንና ካይተን በግራና በቀኝ ጎኗ ትልልቅ መቅዘፊያ መንኮራኩር ስላላት ጎን ለጎን መጠጋት አልቻለችም። በአፍንጫዋ ገጭታ ቆመች። የካይተን መርከበኞች ከሦስት ሜትር ያህል ከፍታ ወደ ኮቴትሱ አንድ በአንድ መዝለል ነበረባቸው፤ ታች ደግሞ በእጅ የሚዞር ጋትሊንግ መትረየስ ይጠብቃቸዋል። ግማሽ ሰዓት በፈጀው ውጊያ ካፒቴኑ ኮጋ ጌንጎ ወደቀ፤ ካይተንም ቆስላ ሸሸች። ካሱጋ በተባለችው የመንግሥት መርከብ ላይ ሆኖ ይህን ያየ አንድ ወጣት መኮንን ነበር፤ ቶጎ ሄይሃቺሮ ይባላል። በ1905 ቱሺማ ላይ የሩሲያን ባሕር ኃይል የደመሰሰው አድሚራል እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ አለቀ። መንግሥቱ ጦሩን ኤዞ ላይ አወረደ፤ መርከቦቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ሂጂካታ ጁን 20 ቀን በጥይት ተመትቶ ሞተ። ፈረንሳውያኑ ቀደም ብለው በአገራቸው መርከብ ወጥተዋል። ኤኖሞቶ መጽሐፉን ላከ፤ ሳኬውም መጣ። እጅ ለመስጠት ሲወሰን በሰይፍ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ፤ አጠገቡ የነበረ ኦትሱካ የተባለ ተከታዩ ስለቱን በባዶ እጁ ይዞ አስጣለው፤ ጣቶቹም ተቆረጡ። ጁን 27 ቀን 1869 ጎሪዮካኩ እጅ ሰጠች።

ኤኖሞቶ ቶኪዮ እስር ቤት ሲገባ አስተያየት ተከፈለ። የቾሹ ሰዎች አንገቱ ይቆረጥ አሉ። ይማር ብሎ የቆመው ያው የከበበው ጄኔራል ኩሮዳ ነው፤ ጸጉሩን እስከ መላጨት ደርሶ ለመነ። ሌላው ደግሞ ዘመናዊ ትምህርትን በጃፓን ያስፋፋው ታላቁ ጸሐፊ ፉኩዛዋ ዩኪቺ ነው። የኤኖሞቶ እናት ልጇን ለማየት ማመልከቻ ስታስገባ የረዳት እሱ ነው። መንግሥቱ ያንን የባሕር ሕግ መጽሐፍ ተርጉምልን ሲለው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች ብቻ ተርጉሞ መለሰ፤ ቀሪውን በትክክል ሊተረጉም የሚችለው ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ የሰማው ሰው ብቻ ነው አለ። ያ ሰው እስር ቤት ነበር። ፉኩዛዋ ይህን ያደረገው አስቦበት እንደሆነ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ራሱ ጽፏል።

ኤኖሞቶ ሁለት ዓመት ተኩል ታሰረ። ከእስር ቤት ለቤተሰቡ በሚጽፈው ደብዳቤ ሳሙናና ሻማ እንዴት እንደሚሠራ፣ የዶሮ እንቁላል ያለ እናቲቱ እንዴት እንደሚፈለፈል ያስተምር ነበር። ሳሙራይ ወንድሞቹ ደመወዛቸው ስለተቋረጠ በእጃቸው ሠርተው እንዲያድሩ ነው ያሰበው። ኤዞን የፈለገበት ምክንያት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሲነበብ አንድ ይሆናል፤ ደመወዝ የለመደ ወገን እንዴት ሠርቶ ይኑር የሚለው ጥያቄ በምሽጉም በእስር ቤቱም አልለቀቀውም።

በ1872 መጀመሪያ ተፈታ፤ በዚያው ዓመትም ሥራ ተሰጠው። የት ቢባል፣ በኩሮዳ ሥር፣ ሆካይዶን በሚያለማው መሥሪያ ቤት! ትናንት በጠመንጃ የያዘውን ምድር ዛሬ በመዶሻና በመለኪያ እየዞረ የማዕድን ቦታዎችን መረመረ፤ የድንጋይ ከሰልም ፈለገ።

በ1874 የምክትል አድሚራልነት ማዕረግ ተሰጥቶት ወደ ሩሲያ ልዩ መልእክተኛ ሆኖ ተላከ። ጉዳዩ ሳካሊን ነበር፤ ሩሲያውያንና ጃፓናውያን ያለ ድንበር ተደባልቀው የሚኖሩበት፣ ግጭት የማይለየው ደሴት። ኤኖሞቶ ወራት ተከራክሮ በሜይ 1875 ከሩሲያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጎርቻኮቭ ጋር ውሉን ፈረመ፤ ሳካሊን በሙሉ ለሩሲያ፣ የኩሪል ደሴቶች በሙሉ እስከ ካምቻትካ ጫፍ ለጃፓን። ጃፓን ከምዕራባውያን ጋር የገባቻቸው ውሎች በሙሉ በጫና የተፈረሙ በነበሩበት ዘመን ይህኛው እንደ እኩያ ተቀምጠው የተዋዋሉት ነው። ያ በምሽግ የዳነው የሕግ መጽሐፍ ትምህርት እዚህ ፍሬ አፈራ ማለት ይቻላል። በ1878 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ አልተሳፈረም፤ ሳይቤሪያን በባቡር፣ በጀልባና በፈረስ ጋሪ ሁለት ወር ያህል አቋርጦ፣ የአፈሩን፣ የማዕድኑን፣ የወታደሩን ሁኔታ በማስታወሻው እየመዘገበ ቭላዲቮስቶክ ደረሰ። ጃፓናውያን ሩሲያን ከልክ በላይ የሚፈሩት ስለማያውቋት ነው ብሎ ያምን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሹመቱን ባጭሩ ልለፈው፤ የባሕር ኃይል፣ የመገናኛ፣ የትምህርት፣ የውጭ ጉዳይ፣ የእርሻና ንግድ ሚኒስትር ሆኗል፤ በቻይናም አምባሳደር ነበር።

አንዱ ላይ ግን ለኛ ለኢትዮጵያውያን ስል ቆም እላለሁ። በፌብሩዋሪ 1889 በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ስም የሚጠራው የጃፓን ሕገ መንግሥት ታወጀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኩሮዳ ኪዮታካ ነበር። ከሰነዱ ግርጌ ከፈረሙት ሚኒስትሮች አንዱ ደግሞ ኤኖሞቶ ታኬአኪ ነው። ከባቢውና ተከባቢው በ20 ዓመት ውስጥ በአንድ ሕገ መንግሥት ላይ ስማቸውን ጻፉ። በጃፓን ፈጣን ለውጥ የተማረኩት የኛ ምሁራን በ1923 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጁ ዋና አርአያ ያደረጉት ይህንኑ ሰነድ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ወደ ጃፓን ተጉዘው ስላዩት መጽሐፍ ጽፈዋል። የአንቀጾቹን ነገር ብዙ ተነጋግረንበታል፤ ከግርጌው የሰፈሩት ፊርማዎች ግን ከአንቀጾቹ ያላነሰ ትምህርት ነበራቸው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ካንሪን ማሩ ልመለስ። ለሟቾቿ በኦኪትሱ፣ ሰይከንጂ በተባለ ቤተ መቅደስ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞላቸዋል። በድንጋዩ ላይ ኤኖሞቶ የሰውን እንጀራ የበላ ለዚያ ሰው ጉዳይ ይሞታል የሚል መልእክት ያለው ጥንታዊ የቻይና ቃል አስቀርጿል። አንድ ቀን ፉኩዛዋ ይህን ድንጋይ አየ። ያ ለሕይወቱ የተሟገተለት ፉኩዛዋ ተቆጣ። በጽሑፉም፦ የተከተሉህ ሰዎች ሞቱ፤ አንተ ተማርክ፤ መማርህ ደግ፤ ነገር ግን በገደሏቸው መንግሥት ውስጥ ማዕረግና ሀብት መቀበልህ ለሙታኑ ምን ይላቸዋል? በጸጥታ መኖር አይሻልህም ነበር? የሚል ሐሳብ አቀረበ። ረቂቁን ለራሱ ለኤኖሞቶ ልኮ አስተያየት ጠየቀ። ኤኖሞቶ አሁን ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ጊዜ አሳቤን እገልጻለሁ ብሎ መለሰ። መልሱ ግን አልመጣም። ጽሑፉ በ1901 ታተመ።

ክሱ ቀላል አይደለም። ሀኮዳቴ ላይ የሞቱት አማፂዎች 800 ያህል ናቸው፤ አስከሬናቸውን መጀመሪያ የቀበረው መንግሥቱን ሳይፈራ የተነሣ አንድ የከተማው ሰው ነው። የእነዚያ ሰዎች ልጆች ሚኒስትሩን ኤኖሞቶን በሠረገላ ሲያልፍ ሲያዩ ምን ተሰማቸው? ይህን ጥያቄ ማንም አይመልሰውም። ቢሆንም እኔ ከፉኩዛዋ ጋር አልስማማም። ኤኖሞቶ ለሙታኑ ሲል ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ የሆላንዱ ትምህርት፣ የባሕር ሕጉ፣ የሰሜን እውቀቱ አብሮት ቤት ውስጥ ያረጅ ነበር። ሰዎቹ የሞቱለት ጉዳይ ደግሞ የሾጉን ወንበር ብቻ አልነበረም፤ ወገናቸው መሬት አግኝቶ ሠርቶ እንዲኖር ነው። በዚህ ጉዳይ ኤኖሞቶ እስከ መጨረሻው አልሰነፈም። በ1891 ለቀድሞ የቶኩጋዋ ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ የእርሻ ክፍሉ አድጎ ዛሬ የቶኪዮ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ሹመትን የሙጥኝ ያለ ሰው ላለመሆኑም ማስረጃ አለ። የአሺዮ መዳብ ማዕድን መርዝ በዋታራሴ ወንዝ ወርዶ የገበሬዎችን ማሳ አበላሽቶ ነበር። የፓርላማ አባሉ ታናካ ሾዞ ከ1891 ጀምሮ ጮኸ፤ መንግሥቱ ዓመታት አዳፈነው። ኤኖሞቶም ከ1894 ጀምሮ የእርሻና ንግድ ሚኒስትር ነበርና ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። በማርች 1897 ገበሬዎቹ በሺዎች ሆነው በእግራቸው ወደ ቶኪዮ ሲመጡ ግን ራሱ ወደ ስፍራው ወርዶ የተበላሸውን ማሳ በዓይኑ አየ። በማግስቱ መንግሥቱ የመርዙን ጉዳይ የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኤኖሞቶ በዚያው ሳምንት ሥልጣኑን ለቀቀ። ዳግመኛ ሚኒስትር አልሆነም።

በዚያው ዓመት እሱ ያደራጃቸው 35 ያህል ጃፓናውያን በሜክሲኮ፣ ቺያፓስ ግዛት ቡና ሊተክሉ ወረዱ። ገንዘቡ አነሰ፤ የገቡበት ወቅትም ለተከላ አልተመቸም፤ ሠፈራውም በጥቂት ወራት ተበተነ። ከሠፋሪዎቹ ጥቂቶቹ ግን እዚያው ቀሩ፤ አገቡ፤ ወለዱ። አካኮያጉዋ በተባለችው ከተማ ዛሬም የጃፓን ስም የያዙ ቤተሰቦች ይገኛሉ። ኤኖሞቶ ራሱ ሜክሲኮን ሳያይ በኦክቶበር 1908፣ በ72 ዓመቱ ቶኪዮ ውስጥ አረፈ።